ማንበብ የማትችል እናት

ሰኞ 4

ጻፊ ያለችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ኪኒን ስጪኝ ብላት ደብተር አዘዘችልኝ። «የሚሰማዎትን ሁሉ ይጻፉ፣ ለማንም አያሳዩ» አለች። ኪኒኑ ይሻለኝ ነበር። እጄ መቀስ እንጂ እስክሪብቶ ከያዘ ቆይቷል። አንድ መስመር እስክጨርስ ሻዬ ይቀዘቅዛል።

እንግዲህ ልብስ ሰፊ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሌላ ሰው የሰፋውን ነው የማስተካክለው። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ለወፈረው አሰፋለሁ፣ ለከሳው አጠባለሁ። የፊተኛው ክፍል ሱቄ ነው፣ የኋለኛው ቤታችን። መስኮቱ ጋ ያለው ጠረጴዛ የልጄ ነው። ስልክ ጠጋኝ ነበር። አምና በሞተር ብስክሌት ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ይኸው፣ ጻፍኩት። ነርሷ ደስ ይበላት።

አሁን የቀረነው እኔና እህቱ ነን። እሷ የመንገድ መሐንዲስ ናት። አንደኛውን ዲግሪ ይዛ ሁለተኛውን ልትማር ሩቅ ላለ ዩኒቨርሲቲ እያመለከተች ነው። ውጤቷን አይተው ዝም ቢሉ ምን አለበት? አይሉም። ማን እንደሆነችና ይህን ትምህርት ለምን እንደመረጠች በሁለት ገጽ ጻፊ ብለዋታል። የግል መግለጫ ይሉታል። ወሩ ሳያልቅ መላክ አለበት። ከሥራ ስትመለስ ኮምፒውተሯ ፊት ቁጭ ብላ ጣሪያ ታያለች፣ ማን እንደሆነች ጣሪያው ላይ የተጻፈ ይመስል። እኔ ሳትወለድ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ የጠየቀኝ የለም።

«ላግዝሽ?» ብላት፣
«እማ፣ ይሄ የሚጻፍ ነገር ነው» አለችኝ።

የሚሰፋ መስሎኝ ነበር እንዴ!

ረቡዕ 6

በዚህ ቤት ወረቀት አይጣልም። ልጅቷ መሥሪያ ቤቷ አትማ ያበላሸችውን ሁሉ ታመጣልኛለች፣ እኔ የኮሌታና የኪስ ልክ እቆርጥበታለሁ። ዛሬም አንድ እቅፍ አስቀምጣልኝ ሄደች። የላይኛውን አንስቼ ኮሌታ ልስልበት ስል ዓይኔ አረፈበት። መግለጫዋ ነው። ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ፦

«ማንበብና መጻፍ የማትችል እናቴ በመርፌዋ ያሳደገችኝ ብቸኛ ልጅ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ለመንገዶች ልዩ ፍቅር ነበረኝ።»

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት። መልሼ አደረግሁት። ጣቴን ከሥሩ አስኬድኩ። አትችልም ይላል። ማንበብ አለመቻሌን በገዛ ዓይኔ አነበብኩ።

ሰባተኛ ክፍል ጨርሻለሁ! የመብራት ሒሳቡን በየወሩ የሚያነበው ማነው? የሷ የትምህርት ቤት ካርድ ላይ «አይቻለሁ፣ ወሬ ትቀንስ» ብሎ የፈረመው ማነው? ደግሞስ ለመንገዶች ልዩ ፍቅር! ሱቅ ሂጂ ስትባል እግሬን አመመኝ ትል የነበረች ልጅ!

«ብቸኛ ልጅ» ስለሚለው የምለው የለም። የሷ ጉዳይ ነው። እኔን ያናደደኝ የማንበቡ ነው።

ኮሌታውን እላዩ ላይ ቆረጥኩት።

ያው ረቡዕ፣ ከሰዓት

አሰብኩበት። ብቆጣት ታለቅሳለች፤ እሷ ካለቀሰች እኔም አለቅሳለሁ፤ የሚደርስ ሥራ አለብኝ። ስለዚህ እንደ ጻፈችው እሆንላታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ማንበብ አልችልም።

ቅዳሜ 9

ጀመርኩ። ጠዋት የግፊት ኪኒኔን ይዤ ሄድኩ።

«ልጄ፣ እስኪ አንብቢልኝ። በቀን ስንቴ ዋጪ ይላል?»
«እማ፣ ስንት ዓመት የዋጥሽው ኪኒን እኮ ነው።»
«ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይተራመስብኛል።»

አነበበችልኝ። ከዚያ የባንኩ ዘበኛ ሱሪውን ሊወስድ መጣ። እኔ በየልብሱ የባለቤቱን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፌ በመርፌ ቁልፍ አያይዛለሁ። ያሳጠርኳቸውን ሱሪዎች ደርድሬ ልጄን ጠራኋት።

«የኝህ ሰውዬ የቱ እንደሆነ አንብቢልን። እኔን እንደሆነ ታውቂኛለሽ።»

ዘበኛው እኔን አየ፣ ወረቀቱን አየ። «ባለፈው ስሜን ፊቴ የጻፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»
«ሥዕል ነው የሣልኩት» አልኩት።

ልጅቷ ቆማ ቆማ አየችኝ። ገብቷታል። ነገር ሲገባት የቀኝ ቅንድቧ ብቻ ከፍ ይላል፣ ልክ እንደ... ይቅር። ሱሪውን አንስታ ሰጠችው።   ወረቀቴን ማንበብሽን አውቄያለሁ አትል፣ ወረቀትሽን አንብቤያለሁ አልል።

እሑድ 10

በበር ሥር የውሃ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ገብቶ አገኘሁ። ማክሰኞ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ይቋረጣል ይላል። ይዤላት ሄድኩ።

«ምን ይላል?»

ቅንድቧ ከፍ አለ። «ሐሙስ ውሃ ይጠፋል ይላል» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር። «ደግሞ ከታች፣ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አላይም የሚሉ እናቶች ይቀጣሉ ይላል።»
«የታባታቸው፣ ይገባቸዋል» አልኳት።

እንግዲህ ጦርነት ነው።

ማክሰኞ 12

ማልጄ ተነስቼ ባልዲውንም ድስቱንም ሞላሁና አልጋዬ ሥር ደበቅኩ። ልጅቷ ቀልዷን ረስታ ፀጉሯን ልትታጠብ ገባች። አረፋው ጆሮዋ በደረሰበት ሰዓት ቧንቧው ሳል ሳል አለና ዝም አለ።

«እማ! ውሃ!»
«ምን ሆነ?»
«ጠፋ!»
«እንዴት ይጠፋል? ሐሙስ ነው ብለሽ አላነበብሽልኝም?»

ከበሩ ወዲያ፣ ቆይቶ፣ በጣም በትሕትና፣ «የኔ እናት፣ አልጋሽ ሥር ምን አለ?»

አንድ ባልዲ ወሰድኩላት። ፊቷን ሳሙና ሸፍኖት ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ልትስቅ ነው። እኔም ልስቅ ነው። እሷ እኔን ትጠብቃለች፣ እኔ እሷን እጠብቃለሁ። ሁለታችንም ሳንስቅ ቀረን።

በዚህ ቤት ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነበር። እኔና እሷ እንዲህ ስንፋጠጥ መስኮቱ ጋ ሆኖ እየተንተከተከ ይስቅና ነገሩ ያበቃ ነበር። አሁን የሚያበቃበት መንገድ ጠፋን። እንግዲህ እሷ ታነብልኛለች፣ እኔ እደነቁራለሁ፣ እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ሐሙስ 14

የክር ካርቶን ያመጣው ልጅ ፈርሚ አለኝ። ልጅቷ ከኋላዬ ቆማለች። አውራ ጣቴን ዘረጋሁለት።
«ቀለም አለህ? ልርገጥልህ።»
ልጁ ቀለም ፍለጋ ሊሄድ ሲል ልጅቷ እስክሪብቶውን ነጥቃ ፈረመች። በእኔ ስም፣ የእኔን ፊርማ። ከኔ አሳምራ ፈረመችው። ከየት ተማረችው? የትምህርት ቤት ካርዱን ሁሉ ያየሁት እኔ አይደለሁም ማለት ነው?

ዓርብ 15

ፀጉር ሠሪዋ ጎረቤቴ መጣች። ነገሩን ነገርኳት። ወንበር ይዛ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች።

«እትዬ፣ አንቺንም? የእህቴም ልጅ ስታመለክት እናቷን መሃይም አድርጋ ነው የጻፈቻት። እህቴ እኮ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት!»

ለካ ነገሩ ሁሉ የሚወጣው ከገበያው ጀርባ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ማመልከቻ የሚያሳምር ሰውዬ አለ፤ አዋቂው ይሉታል። ወደ እሱ ለሄደ ሁሉ «እንቅፋት ያስፈልግሻል፤ እንቅፋት የሌለበትን ሰው አይቀበሉም» ይላል። እንቅፋት ያጣ እናቱን ይሰጣል።

«በዚህ ሰፈር ማንበብ የምትችል እናት አልቃለች» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «እዚያ ያሉት አንባቢዎች እኮ እያለቀሱልን ይሆናል።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን እትዬ፣ እንቅፋት ካሉ እውነተኛው እያለ ለምን...» ብላ ወደ መስኮቱ ጠረጴዛ አየች።

«ካውያው ጋለብኝ» ብዬ ተነሳሁ። ካውያው አልተሰካም ነበር።

ቅዳሜ 16

ሁለት ወጣቶች ከመልበሻው መጋረጃ ኋላ ሱሪ እየለኩ ያወራሉ። መጋረጃ ግድግዳ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

«የሷ ልጅ አይደል በሞተር የሞተው?»
«አዎ። እንደ ጥይት ነበር የሚበረው አሉ።»
«ቀስ በል፣ ትሰማለች።»

አልፈጠነም። ለማንም ሰው የምለው ይህንኑ ነው። የአንዱን ሱሪ ካለው በላይ አሳጠርኩት። በኋላ ጸጸተኝና መልሼ ለቀቅሁለት።

ሰኞ 18

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄድኩ። ቤቱ የመልበሻ መጋረጃዬን ያህል ነው። አዋቂው ሽማግሌ መስሎኝ ነበር፤ ገና ወጣት ነው፣ የሸሚዙን ኮሌታ ካውያ አቃጥሎበታል።

«የመሐንዲሷ እናት ነኝ» አልኩት። «ልጄ ስለ እኔ የጻፈችውን ልታሰማኝ ትችላለህ ወይ ብዬ ነው። ማንበብ አልችልም እንግዲህ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ማንበብ የማትችል እናት በአካል አይቶ የሚያውቅ አልመሰለኝም፤ ሁሉንም የሚፈጥራቸው እሱ ነዋ። ወንበር አቀረበልኝ፣ ጽሑፉን ከፈተው። እኔም ከትከሻው ኋላ መነጽሬን አደረግሁ።

«እማማ፣ እጅግ አሳምራ ነው የጻፈችው። እንዲህ ትላለች» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቴ የጥበብ ምንጭ፣ የቤታችን ምሰሶ ናት።»

ስክሪኑ «ማንበብና መጻፍ የማትችል እናቴ» ይላል።

«ወይ የኔ ልጅ!» አልኩ። «ቀጥል።»
«የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ከእሷ ነው።»

ስክሪኑ ለመንገዶች ልዩ ፍቅር ላይ ደርሷል። ድምፁ ያምራል። እሱ ውሸት ሲያነብ አይደናቀፍም፤ እኔ እውነቱን ሳነብ እደናቀፋለሁ። ላጋልጠው ነበር የሄድኩት። አፌ ላይ ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ነበር። ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣

«ስለ ወንድሟስ ምን አለች?» አልኩት።

እጁ ቆመ። ጽሑፉን ወደ ላይ አወጣው፣ ወደ ታች አወረደው። የለም። እኔም አብሬው አየሁ፣ የለም።

«አለ፣ አለ» አለኝ። «ይኸው እዚህ ታች። የምወደው ወንድሜ ሁልጊዜ ከጎኔ ነው። ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ አይዞሽ ይለኛል።»

ባዶውን ነጭ ቦታ እያየ ነበር የሚያነበው።

«ድገምልኝ» አልኩት።

ደገመልኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር አንድ አልሆነም። በሁለተኛው ወንድሟ ከሥራ ሲመለስ ዳቦ ይዞ መጣ።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። ሳልሰድበው።

ረቡዕ 20

ሰውዬው ውሸታም ነው። ልጄ ዳቦ ገዝቶ ገብቶ አያውቅም። እኔን ነበር የሚልከኝ።

ሐሙስ 21

የትምህርት ቤት ዩኒፎርም መጣ፣ ክምር ነው። ጊዜ የለም። ልጅቷ ታየኛለች። አዋቂው የነገራት ይመስለኛል። ኪስ ገልብጬ ሰፋሁ። ፈታሁት። ደግሜ ገልብጬ ሰፋሁት።

ቅዳሜ 23

ዝናብ ስለነበር ደንበኛ አልመጣም። ልጅቷ የሱቁን በር ዘጋችና መጋረጃው አጠገብ ቆመች።

«ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደሽ ነበር?»
«መንገድ ተሳስቼ ነው። ሰሌዳውን ማንበብ አልችልም።»
«እማ።»
«ወይ።»
«ይበቃል።»

መርፌውን አስቀመጥኩ። «ሸጥሽኝ» አልኳት።
«ሸጥኩሽ» አለች። «እሱን ከምሸጥ ብዬ አንቺን ሸጥኩ።»
«ስንት አወጣሁ?»

ያኔ አመለጣት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሆዳችንን ይዘን፣ የክር ካርቶኑ ላይ ተደግፈን፣ እንደ ሕፃን። የሷ ሳቅ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ፤ መጋረጃዬን ይዛ አፍንጫዋን ጠረገችበት። ገና ያጠብኩት መጋረጃ ነው።

ከዚያ ተናገረች። ቀስ ብዬ እጽፈዋለሁ፣ እንዳይጠፋብኝ።

«እማ፣ መንገድ ለምን እንደምማር ታውቂያለሽ። ያ መታጠፊያ ነው። ሄጄ ቆሜበታለሁ። ምልክት የለው፣ መብራት የለው፣ የመሐል ቀለሙ ለቋል። ዩኒቨርሲቲው ለምን መረጥሽ ብሎ ሲጠይቀኝ መልሱ እሱ ነው፣ ሌላ መልስ የለኝም። እጀምረውና እሱ ጋ ስደርስ እቆማለሁ።»
«ለምን ትቆሚያለሽ?»
«ፈጥኖ ነበራ።»
«አልፈጠነም።»
«እማ፣ ትራፊኩ እኮ...»
«ትራፊኩ ከኋላው ተፈናጦ ነበር? አልፈጠነም!»
«ይኸው!» አለች። «ለዚህ ነው ያወጣሁት። ሳይፈጥን አድርጌ ብጽፈው ውሸት ነው፣ መሐንዲስ ነኝ፣ የሚያነቡትም መሐንዲሶች ናቸው። ፈጥኖ ነበር ብዬ ብጽፈው ደግሞ አንቺ ታነቢዋለሽ።»
«ስለዚህ ማንበብ የማትችል አደረግሽኝ» አልኳት።

 አስባበት እንደሆነ አላውቅም። ፊቷን ሳየው እሷም አሁን ገና የሰማችው ይመስላል።

ተነስቼ ወደ ኋላ ክፍል ገባሁ።

እሑድ 24

አልፈጠነም።

ማክሰኞ 26

«ጨው አቀብዪኝ» እና «በሩን ዝጊ» ብቻ ነው የምንነጋገረው። መግለጫውን እየጻፈች ነው፤ ጣሪያውን ማየት ትታ ወደ ታች ታያለች።

ነርሷ የሚሰማዎትን ብላ የለ? ይኸው። ልጄ ጭራሽ አያፍርም ነበር። የተበላሸ ስልክ ሲመጣለት ባንድ አፍታ ያበጀውና፣ ደንበኛው «ይህችን ለምታህል ሥራ» ብሎ እንዳይከራከረው ለሰዓታት ይፈታታውና ይገጥመው ነበር። እያላበው፣ እያቃሰተ። ሰው አዝኖ ይጨምርለት ነበር። ዞር ሲሉ በቀኝ ቅንድቡ ያየኛል። እናት ሆኜ መቆጣት ሲገባኝ ፊቴን ወደ ስፌት መኪናው አዞር ነበር፣ ሳቄ እንዳይታይ።

መምጣቱን ከሩቅ አውቃለሁ። ሞተሩ ገና ዳቦ ቤቱ ጋ ሳለ ይሰማኛል፤ ክሩን መርፌው ውስጥ ሳላስገባ በሩ ላይ ነው። «ቶሎ መጣህ» እለው ነበር። ደስ ይለኛላ። በየቀኑ እለው ነበር፣ ቶሎ መጣህ፣ ቶሎ መጣህ።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ሐሙስ 28

ልጅቷ ኮምፒውተሯን ይዛ አጠገቤ ቆመች።

«ሁለት አሉኝ» አለች። «አንደኛው ያ ያነበብሽው ነው። ሁለተኛውን እኔ ጻፍኩት፣ ለብቻዬ። አዋቂውን አሳየሁት፤ እናትሽን ካስተማርሻት ምን ቀረሽ አለኝ።»
«ምን አልሽው?»
«ወንድም ቀረኝ አልኩት።»

እግሬ ከፔዳሉ ላይ ተንሸራተተ።

«ሳታነቢው አልልከውም። ካልወደድሽው የመጀመሪያውን እልካለሁ፣ እውነቴን ነው። ቅዳሜ ያበቃል።»
«መነጽሬን የት እንዳደረግሁት እንጃ።»
«አንገትሽ ላይ ነው።»
«ዩኒፎርሙ አላለቀም» አልኳት።

ዛሬ አልሆነም። ኮምፒውተር ዓይኔን ያመኛል።

ዓርብ 29

አትማ አመጣችው። ወረቀቱን መቀሴ ሥር አስቀመጠችው። ኮሌታ ሊቆረጥበት ነው ወይ ብዬ ልቀልድ ፈለግሁ፣ ተውኩት። ቀኑን ሙሉ በዙሪያው ሠራሁ።

ቅዳሜ 30

ሱቁን አልከፈትኩም። ተቀመጥኩና ጣቴን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አደረግሁ። ልጅቷ ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት ትመላለሳለች።

«እማ፣ ፍጠኚ፣ ይዘጋል።»
«አታጣድፊኝ። ማንበብ የተማርኩት በቅርቡ ነው።»

መጀመሪያ እኔ አለሁ። «እናቴ ቀስ ብላ ታነባለች፣ ጣቷን ከሥሩ እያስኬደች። ያነበበችውን አትረሳም፣ ይቅርም አትልም።»

«ይቅርም አትልም የሚለው ምን አስፈለገ?»
«እውነት ነዋ።»
«ይሁን።»

ወደ ታች ወረድኩ። እዚያ ጋ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩ፤ በልቤ ካነበብኩት ዘልዬው እንደማልፍ ስለማውቅ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ወንድሜ ስልክ ጠጋኝ ነበር። ሥራውን ቶሎ ይጨርስና ዋጋ እንዳይቀንሱበት ቀኑን ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። በሕይወቱ ቀስ ብሎ የሠራው ነገር ያ ብቻ ነው። የሞተበትን መታጠፊያ ሄጄ አይቼዋለሁ። መንገዱ አላስጠነቀቀውም። እሱም...»

ጣቴ ቆመ። በር ተንኳኳ፣ ደንበኛ ነው። አልከፈትንም። ልጅቷም መመላለሷን አቆመች። ላንብብልሽ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ አላለችም። ጥሩ አደረገች።

«እሱም ፈጥኖ ነበር» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ወጣ፣ ቤቱም አልፈረሰም። ቀጠልኩ።

«ሁለቱንም የምጽፈው ሁለቱም እውነት ስለሆኑ ነው። መንገድ የሚሠራው ቀስ ብለው ለሚሄዱት ብቻ አይደለም። ወደ ቤቱ ለሚቸኩል ልጅም ነው። እንዲህ ያለውን መንገድ መሥራት ልማር እፈልጋለሁ።»

ወረቀቱን አስቀመጥኩ። መነጽሬን ጠረግሁ፣ ደጋግሜ።

«እና?» አለች። 
«አንድ ስህተት አለበት።»
«ምን?»
«ቀኑን ሙሉ አይደለም የሚፈታታው። እስከ ምሳ ነው። ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ይተኛ ነበር።»

አስተካከለችው። 

«ላኪው» አልኳት።

ላከችው። ከዚያ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፣ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ቢቀበሏት ትሄዳለች። ይህን ያሰብኩት አሁን ገና ነው ብዬ ልጻፍ።

ማክሰኞ 3

አንዲት የድሮ ደንበኛዬ፣ የተከበሩ ወይዘሮ፣ ቀሚስ ሊያሳጥሩ መጡ። ከአምና ወዲህ አላየኋቸውም። ሳጥኑ ላይ አቆምኳቸውና ከታች ተንበርክኬ ጠርዙን እየያዝኩ ነው፤ አፌ በመርፌ ተሞልቷል። ወይዘሮዋ ወደ መስኮቱ አዩና ተነፈሱ።

«እኔን! እንዴት ያለ ጭምት፣ ቀስ ያለ ልጅ ነበር!»

መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፌ አወጣኋቸው።

«ጭምት?» አልኳቸው። «ይበር ነበር እንጂ! እንደ ጥይት!»

ደንግጠው አፋቸውን ያዙ። ሊወርዱ አሰቡ፣ ግን ጠርዛቸው በእጄ ነው።

«ይቁሙልኝ፣ እንዳይወጋዎት» አልኳቸው። «ልንገርዎት እስኪ ምን ዓይነት ቀልቃላ እንደነበር።»

ዙሪያውን ሰክቼ እስክጨርስ ነገርኳቸው። ቀሚሱም ሰፊ ነበር።